«ደረቴ ውስጥ ንፋስ ገባ»

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2016፣ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን ዛሬም አልወጣልኝም።

ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሽ ታደሰ ሳንባቸው ላይ እብጠት ታየና ባዮፕሲ ታዘዘላቸው። በስካን እየታየ ደረታቸው ውስጥ ረጅም መርፌ ገብቶ ናሙና ተወሰደ። ሲያበቃ ወደ ማረፊያ ክፍል አመጧቸው፤ እኔም ገባሁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብላት ነርሷ «ቤተሰብ አያስተረጉምም፣ ሕጉ ነው» ብላ በስልክ ለሚያስተረጉም ሰው ደወለችና ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፈተችው።

አስተርጓሚው ገና ሰላም ሲለን ከጀርባው የሴት ድምፅ «ተርን ራይት»፣ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ አለ። ጂፒኤስ ነው፣ የመኪና አቅጣጫ ጠቋሚ።

«ወንድም፣ እየነዳህ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ፓርክ አድርጌያለሁ!» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ጋሼ ትንፋሽ እያጠራቸው «ልጄ፣ ደረቴ ውስጥ ንፋስ ገባ» አሉት።

«ሶሪ ጋሼ፣ ቆረጥ ቆረጥ አደረገብኝ። ንፋስ ነው ያሉኝ?» አለና ለነርሷ በእንግሊዝኛ «በርዷቸዋል» አላት። እሷም የሞቀ ብርድ ልብስ አምጥታ እስከ አገጫቸው ሸፈነቻቸው። «አልበረዳቸውም፣ ደረቴ ነው ያሉት!» ብላት በእጇ ዝም በይ አለችኝ።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። አንገታቸው አብጦ ከአገጫቸው ጋር እኩል ሆኗል። ስነካው ከቆዳቸው ሥር እንደ ፌስታል ተንኮሻኮሸ። ጮህኩ።

ሐኪሞች ሮጠው መጡ። ጎናቸውን በስተው ቱቦ ሲያስገቡላቸው የታመቀው አየር ወጣ፤ ትንፋሻቸውም ተመለሰ። በዚያ ሁሉ ትርምስ ስልኩን የዘጋው ሰው አልነበረም። የመኪና በር ሲከፈት፣ ሻንጣ ሲጫን ይሰማል፤ ለካ ተሳፋሪ እየጫነ ኖሯል። ከዚያ ያ ሰው «ሌላ የምረዳችሁ ነገር አለ?» አለ። ስልኩ ላይ ልተፋበት ምንም አልቀረኝም።

በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ መርፌው በበሳው በኩል አየር ሾልኮ ሳንባቸውን ጨፍልቆት ነበር፤ አልፎም ከቆዳቸው ሥር ገብቷል። እንዲህ የሚከፋው ከስንት አንዴ ነው አለን። ጋሼ ያሉት እኮ ቃል በቃል ይህንኑ ነበር።

የናሙናው ውጤት ደህና ሆነ፤ ጋሼም ዛሬ አብረውኝ ናቸው። ያንን ሰው ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ አቅጣጫ ጠቋሚ ከፍቼ አላውቅም፣ መንገድ ቢጠፋኝ እንኳ። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው «ንፋስ ገባኝ» ሲሉኝ ደግሞ መስኮቱን አልዘጋም። ዳር ይዤ እቆምና አንገታቸውን እዳስሳለሁ።