የቴውን ስም የተቀረጸበት ድንጋይ

እትዬ ትራይን ባክሃውስ ከእኔ ጋር በብስኩት ፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ነበር የሚሠሩት። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞተውባቸው አንድ ልጃቸውን ቴውንን ለብቻቸው አሳደጉ። ምላሳቸው ስለት ነበር። አለቃችን እንኳ እሳቸው አጠገብ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ቴውን የጀልባ ጠጋኝ ነበር። ጀርመኖች ገብተው አይሁዶችን ማፈስ ሲጀምሩ፣ የአምስተርዳሙ የሥራ ማቆም አድማ እስከ እኛ የወንዝ ዳር ከተማ ድረስ እንዲዛመት ከቀሰቀሱት አንዱ እሱ ነው። አድማው በጥይት ተበተነ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቻችን አንገታችንን ደፍተን ብስኩታችንን አሸግን፤ እሱ ግን አልተወም። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶቻቸው እነ ቱርክስማ ነበሩ፤ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ የአይሁድ ቤተሰብ። ቴውን መጀመሪያ ልጃቸውን ዳውፍዬን ጀልባ ውስጥ ሸራ አልብሶ ገጠር፣ አንድ ገበሬ ቤት አደረሳት። ወላጆቿን ሊወስድ ሲመለስ ግን ከሰፈሩ ሰው አንዱ ጠቁሞ ኖሮ ፖሊሶች ቆመው ጠበቁት። ጀርመኖች አልነበሩም፤ የእኛው ፖሊሶች ናቸው። ባልና ሚስቱ ወደ ፖላንድ ተጭነው በዚያው ቀሩ። ቴውን በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ተረሸነ።

ጦርነቱ አልቆ ዳውፍዬ ስትመለስ በወላጆቿ ቤት ሌሎች ሰዎች ገብተውበታል። በሩን የከፈተችላት ሴትዮ የእናቷን ሹራብ ለብሳለች።

«እንዴ፣ አንቺ ደግሞ ተመለስሽ?» አለቻት።

እትዬ ትራይን በመስኮት ሰምተው ወጡ። «ነይ ግቢ ልጄ» አሏት፤ «የቴውን አልጋ ባዶ ነው።»

በሁለተኛው ዓመት ለተረሸኑት የከተማችን ልጆች ሐውልት ይቁም ተባለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ ሆፍላንድ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ደግም ክፉም ሳይሠሩ ያለፉ ናቸው። የሐውልቱን ጽሑፍ ለእትዬ ትራይን ሊያነቡላቸው እቤት ድረስ መጡ። እኔና ዳውፍዬ ድንች እየላጥን ነበር።

«‹ለንግሥትና ለአገር ለወደቁት›» ብለው አነበቡ።

እትዬ ትራይን ቀና አሉ። «ቴውን ንግሥቲቱን የት ያውቃታል?»

«ወይዘሮ ባክሃውስ፣ አባባል ነው እኮ።»

«ልጄ የሞተው ለእነ ቱርክስማ ሲል ነው። ሰው አይሁድ ስለሆነ ሲታፈስ ዝም አልልም ብሎ ነው። ይህንኑ ጻፉት።»

አቶ ሆፍላንድ ዳውፍዬን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ምንም አልጠቀመም። «ሰውን በዘር መለየት የጀርመኖች ሥራ ነበር። አሁን እኛም እንለይ? ሕዝቡ ያጉረመርማል። ሁላችንም ተጎድተናል።»

«እርስዎ ምን ሆኑ?»

«ብስክሌቴን ወስደውብኛል» አሉ። የምራቸውን ነው።

ዳውፍዬ በሳቅ ፈነዳች። ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እንግዲያው የልጄን ስም አውጡት» አሉ እትዬ ትራይን።

«ተቀርጿል እኮ። ድንጋይ ነው፣ ወይዘሮ።»

ሐውልቱ በተመረቀ ዕለት የፊት ወንበሮች ለሟች ቤተሰቦች ተዘርግተዋል። አስተናጋጁ ዳውፍዬን ክንዷን ይዞ፣ «ይቅርታ፣ ይኼ ለቤተሰብ ብቻ ነው» አላት። እትዬ ትራይን ተነሡና እሷን አስከትለው ወደ ኋላ፣ ብስክሌቶቹ ወደተደገፉበት አጥር ሄደው ቆሙ። አበባ እንዲያኖሩ ስማቸው ሁለት ጊዜ ተጠራ። አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተነዛ። መጀመሪያ «ሐዘን አእምሮዋን ነክቷት ነው» አሉ። ቀጥሎ «አይሁዲቷ ናት የምታስጠናት» ማለት ጀመሩ። ሥጋ ቤቱ ውስጥ ዳውፍዬ በቆመችበት፣ እንድትሰማ ተብሎ ተወራ። በክረምቱ መጨረሻ ሻንጣዋን ሸከፈች፤ አውስትራሊያ ልትሄድ ነው።

«ስለ እኔ ብለሽ ነው? አስቸገርኳቸው ብለሽ ነው?» አሏት እትዬ ትራይን።

«አይደለም። እዚያ ማንም የእናቴን ሹራብ አይለብስም።»

ለጥቂት ዓመታት ትጽፍላቸው ነበር። አገባች፣ ወለደች። ከዚያ አንድ ቀን ባሏ በማናውቀው ቋንቋ፣ በደረቅ እንግሊዝኛ፣ ታማ እንዳረፈች ጻፈ። የፋብሪካው ጸሐፊ ነው ተርጉሞ ያነበበላቸው። እትዬ ትራይን በማግስቱ ሥራ ገቡ፤ ሙሉ ቀን ያሸጉትን ሁሉ ግን አለቃው ፈትቶ እንደገና አሳሸገን።

ዘመን ተለወጠ። አቶ ሆፍላንድም ሞቱ። በጦርነቱ ጊዜ ያልተወለደ ወጣት ከንቲባ መጣና «በሐውልቱ ላይ ስለ አይሁዶች አንድም ቃል የለም፤ ነውር ነው» አለ። የነሐስ ሰሌዳ ተሠራ። እትዬ ትራይን ሰማንያን አልፈው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወሰድኳቸው። በዚህኛው ጊዜ ፊት አስቀመጡን። ሰሌዳው ሲገለጥ ክንዴን ጎተት አደረጉ።

«ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

«‹ከተማችን አይሁድ ልጆቿን አሳልፋ አልሰጠችም› ይላል።»

«ድገሚው።»

ደገምኩላቸው።

ከንቲባው መጥቶ አጠገባቸው በርከክ አለ። «እማማ፣ አሁንስ ደስ አለዎት?»

«ማን ነው አሳልፎ ያልሰጠው?»

«ከተማው ነዋ፣ እማማ!»

«ከተማውማ ሰጠ። ያልሰጠው ቴውን ነው።»

ከንቲባው እጃቸውን መታ መታ አድርጎ ፈገግ አለ፤ ያረጁ ሰው የሚዘላብዱ መስሎታል። ያኔ የማርሽ ባንዱ መጫወት ጀመረ። እትዬ ትራይን ሌላም ነገር ይናገሩ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በጡሩምባው የተነሣ እኔም አልሰማሁት።

በማግስቱ ጋዜጣው «የጀግናው እናት በደስታ አነቡ» ብሎ ጻፈ። አላነቡም። አጠገባቸው ነበርኩ።