ውጪ ሳይሉኝ የወጣሁበት ቢሮ

ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ አጠገብ ተነስቶ የድሮ መዝገቦች ወደተከመሩበት ጥግ ተገፍቶ ጠበቀኝ። በመተማ ሙቀት ከመስኮትና ከማራገቢያ መራቅ ቀላል ነገር አይደለም። በእኔ ቦታ ከጎንደር የመጣ አዲስ ጠበቃ ተቀምጧል። ብድግ ብሎ በትሕትና ሰላም አለኝ።

«አራስ ነሽ፣ ትንሽ ረፍት ይሁንሽ ብለን ነው» አሉኝ የጥብቅና ቢሮው ባለቤት። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የቀጠሩኝ፣ ልጄ እያሉ የሚጠሩኝ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ዳኛ ፊት ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ከጎኔ ቆመው «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» ያሉኝም እሳቸው ነበሩ። አመንኳቸው።

ቀጥሎ መዝገቦቼ ሄዱ። የሽንፋው የእርሻ መሬት ክርክር ለአዲሱ ጠበቃ ተሰጠ፤ የሰሊጥ ነጋዴዎቹ ጉዳይም ተከተለ። ደንበኛ ሲመጣ የአለቃዬ በር ይዘጋል፣ እኔ ውጭ እቀራለሁ። ለእኔ የተረፈኝ ሩቅ ገለጉ ከተማ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ቀጠሮ መጠየቅ ሆነ። በዚያ መንገድ በጭነት መኪና ጋቢና ስንገጫገጭ እውላለሁ፤ ጡቴ በወተት ተወጥሮ ሸሚዜን ያረጥበዋል። ስደርስ የሚነገረኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ ነበር።

ለወራት ጥፋቴን ስፈልግ ከረምኩ። የጻፍኳቸውን አቤቱታዎች ደጋግሜ አነበብኩ። ማንን አስቀየምኩ? የትኛውን ቀጠሮ ረሳሁ?

ባለቤቴ ኮኪት ውስጥ ትራክተር ይጠግናል። አንድ ቀን ከገለጉ ስመለስ ቤት መግባት አቃተኝና እሱ ወደሚሠራበት ሄድኩ። ከፀሐይ በሚጠለልበት ራኩባ ሥር የተፈታ ሞተር ተዘርግቷል። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ሄጄ ላናግራቸው?» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ምን ብለህ? ምን አደረግናት ቢሉህ ምን ትመልሳለህ?»

ጨርቁን ሞተሩ ላይ ጣለና «እንግዲያው አንቺው ጠይቂያቸው። እንዲህ ሆነሽማ አትቆዪም» አለ።

በማግስቱ አለቃዬ ብቻቸውን እስኪሆኑ ጠብቄ ገባሁ።

«ጋሼ፣ እዚህ ቢሮ እንድቆይ ይፈልጋሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ማን ውጪ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። «ሕፃን ይዘሻል። ይኼ ሥራ መንገድ አለው፣ ብዙ ጣጣ አለው። ደንበኞቹም ትችላለች ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። አንቺን ፊት ለፊት ማስከፋት ከበደኝ።»

«ታዲያ የሚጠባ ልጅ እያለኝ ገለጉ ሲልኩኝስ?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ጠረጴዛው ላይ አቀረቀሩ። ቀን ከሌት ስለማመደው የከረምኩት ቁጣ አፌ ላይ ደርቆ ቀረ። ያፈሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሳዘኑኝ፤ እንዲህም ሆኖ ያደረጉብኝ አልቀለለኝም። «እለቃለሁ፤ አንዲት ደንበኛ ግን ይዤ ልሂድ» አልኳቸው። አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ደንበኛዋ ከባሏ ጋር ለአረም ሥራ ከወሎ የወረደች ሴት ነበረች። ባሏ እርሻው ላይ ታሞ ሞተ፤ ዘመዶቹ ግን ሚስቱ አይደለችም ብለው ካዷት። ቢሮው ጉዳዩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሷ ደግሞ «ለሌላ ሰው እንደ አዲስ መናገሩን አልችለውም፣ እህቴ» ብላኛለች።

ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ጎን ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሥራ ጀመርኩ። አብረዋቸው ያረሙ ሰዎችን ለምስክርነት ለማግኘት እርሻ ለእርሻ ዞርኩ፤ ባለቤቴ ያገኘውን ሾፌር ሁሉ እየለመነ አሳፈረኝ። ምስክሮቹ ዳኛው ፊት ቆመው ባልና ሚስቱ በአንድ ጎጆ ሲኖሩ፣ ሲታመም ስታስታምመው ማየታቸውን ተናገሩ። ሚስትነቷ ሲረጋገጥላት ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ጎርፎ አልመጣም። ሱቁ ውስጥ ስኳር ሲመዘን እየሰማሁ ሰው ሳይመጣ የምውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ጠዋት ስነሳ ግን ምን አጠፋሁ ብዬ አላስብም።

በቅርቡ አለቃዬ ደወሉ። ሳልዘጋጅበት አነሳሁት።

«ልጅቱ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት ጋሼ። መሄድ ጀምራለች።»

«እሰይ። እሰይ» አሉ። ሌላ ነገር፣ ምናልባት ይቅርታ፣ ሊሉ የፈለጉ መሰለኝና ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኋቸው።