ከስልኳ ቀድሜ ለመድረስ

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የሆነ ነው። ግጥም እሞክራለሁ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ስንኝ እንኳ ስላልመጣልኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

አባታችን ቺሮ ሆስፒታል ውስጥ ጠዋት አረፈ። እህቴ ወደ መሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ መንደር አስተማሪ ናት። በእኛ ሰፈር መርዶ አንድ ሰው ለብቻው አይናገርም፤ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት አብረው ሄደው ነው የሚያረዱት። እነሱ መኪና እስኪያገኙ ግን ስልክ ሊቀድማቸው ነው። እዚያ መንደር ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ሳይመለስ ደርሼ ስልኳን እንድደብቅ፣ ምንም እንዳልነግራትም አስጠንቅቀው ላኩኝ። ባጃጆቹ ሁሉ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ስለነበሩ የጎረቤታችንን ባለማርሽ ብስክሌት ወሰድኩ።

ዳገቱ ላይ ማርሹን ባቀለልኩ ቁጥር ካቴናው ትልቁን የኋላ ጥርስ አልፎ ከጎማው ሽቦዎች መሃል ይገባል። አውጥቼ እመልሰዋለሁ፤ ደግሞ ይወርዳል። አልተናደድኩም፣ አላለቀስኩም። እጄ ብቻ ይሠራ ነበር።

ጫት በብስክሌት ጭኖ ቁልቁል የሚወርድ ጎልማሳ አየኝና ቆመ።

"አቦ፣ ካቴናው ምን አደረገህ? ማርሽ መቀየሪያው ነው ልኩን የሳተው" አለኝ።

የኋላውን ጎማ አንስቼ ፔዳሉን በእጄ እንዳዞር አደረገኝ። እሱ በቢላው ጫፍ መቀየሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ጥቂት ጥቂት እያጠበቀ፣ ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ ወጥቶ እዚያው እንዲቆም አስተካከለው። ቶሎ በል እያልኩ ነዘነዝኩት።

"ሰው እንዲህ የሚቸኩለው ወይ ለሴት ወይ ለለቅሶ ነው" አለ እየሳቀ።

"ለሴት ነው" አልኩት።

"እንግዲያው አላህ ያሳካልህ።"

ከዚያ በኋላ ካቴናው አልወረደም።

እህቴ በር ላይ ተቀበለችኝ። በግራሶ የጠቆረ እጄን አይታ፣ መካኒክ ሆንክ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። አባባ እንዴት ነው አለችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ሳሙና ልታመጣ ስትገባ መስኮቱ ላይ የነበረውን ስልኳን ኪሴ ከተትኩ። ተመልሳ ውሃ እያፈሰሰችልኝ የተማሪዎቿን ጉድ ታወራ ጀመር። እጄ ከጸዳ በኋላም ዝም ብዬ አሸዋለሁ። እንዲህ እንዳለን የሽማግሌዎቹ መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ።

በቅርቡ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳችው። "ያን ቀን እያወቅህ አሳቅኸኝ" አለችኝ። ማመስገኗ ይሁን መውቀሷ ከድምጿ አልለየሁትም። እስካሁን አልጠየቅኋትም።