ሁለተኛው ጉርሻ

እህቴን ካናዳ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ በፊት የምናገረው እንዲታወቅልኝ ስለምፈልግ ነው። ፎርሙን የሞላሁት እኔ፣ ኤርፖርት ድረስ ወፍራም ጃኬት ይዤ ሄጄ የተቀበልኳት እኔ፣ ሰብዌይ ከሚሉት የምድር ባቡር የቱ ጋ እንደሚወረድ ያሳየኋት እኔ። በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር፣ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማዬ ውስጥ ሰባት ዓመት አብረን ኖርን። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ እሷ ተማረች፤ ፋርማሲ ገባች፤ ደህና ደመወዝ ያዘች። ከዚያ አንድ እሑድ ቁርስ ላይ ኮንዶ መግዛቷን ነገረችኝ።

«ኖቬምበር ላይ ሙቭ አደርጋለሁ፣ እትዬ» አለች ዓይን ዓይኔን ሳታይ። «ከዚያ በፊት ግን አንድ ትሪፕ አብረን እንሄዳለን። ቡክ አድርጌዋለሁ፤ ካንስል አይደረግም።»

ትሪፕ ያለችው ኔፓል ሄደን፣ ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ መኪና የማይደርስባቸውን መንደሮች በእግር እያቋረጥን፣ በድንኳን እያደርን፣ ከመንገድ መሪ ጋር ዘጠኝ ቀን መጓዝን ነበር። የሰባቱ ዓመት ምስጋና መሆኑ ነው። «አንቺ ደግሞ መሄድ ትወጃለሽ፤ ተራራ ይናፍቅሻል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እኔ ግን እንቁላሌን ትቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። እሷ በሠላሳ አራት ዓመቷ ባለቤትና ጋባዥ፣ እኔ በአርባ ስድስት ዓመቴ ተከራይና ተጋባዥ። ቀናሁ። ሌላ ስም ፈልጌለት አላገኘሁም። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፤ እህቴ አላጣችም፣ ያውም ከገዛ ቤቷ።

አንድ ነገር ግን አጽናናኝ። በእግር እንደምበልጣት እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ እኮ እስከ ሰብዌይ መሄድ የሚታክታት ልጅ ናት። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ፤ ያደግኩትም ጎጃም፣ ገደል ለገደል ነው። እሷን በልጅነቷ አክስታችን አዲስ አበባ ስለወሰዷት ዳገት የምታውቀው በታክሲ ነው። ስለዚህ ሰው ሳያየኝ መለማመድ ጀመርኩ። ከሥራ ስመለስ ሊፍቱን ትቼ አሥራ ስምንቱን ፎቅ በደረጃ እወጣለሁ። አንድ የሕንፃችን ሽማግሌ እያለከለክሁ አግኝተውኝ ሊፍቱ እንደገና ተበላሽቶ እንደሆነ በጭንቀት ጠየቁኝ። አልተበላሸም አልኳቸው። እንግዲህ ምን እንዳሰቡ እሳቸው ያውቃሉ።

እሷም ለካ ተዘጋጅታ ኖሯል። በእግር ሳይሆን በአፍ። ሦስት ወር ሙሉ ሰብዌይ ውስጥ ጆሮዋ ላይ ሰክታ የምትሰማው ዘፈን ሲመስለኝ፣ የኔፓልን ቋንቋ ስታጠና ነበር።

ጉዞው በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ነገር ለየለት። ጉልበቴ በሦስተኛው ሰዓት ከዳኝ። መንገዱ ከሥር እስከ ላይ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ደረጃው ደግሞ እንደ ክሬሰንት ታውኑ ፎቅ በፎቅ አያሳርፍም። ከእኛ ሌላ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እነሱ እንኳ አለፉኝ። እህቴ ከፊት ከመሪያችን ጋር እየሳቀች ትወጣለች። መሪያችን በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ እንግሊዝኛው የተጣራ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ውኃ የምትቀዳ፣ ሣር የተሸከመች፣ ደጃፏ ላይ የተቀመጠች ሴት ባየች ቁጥር እህቴ «ዲዲ!» ትላለች፤ ሴትዮዋም ፊቷ ይፈካል።

«ዲዲ ምን ማለት ነው?» ብዬ መሪያችንን ጠየቅኩት፣ ትንፋሼ ሲመለስ።

«ታላቅ እህት ማለት ነው» አለኝ።

በዚህ ዓለም ላይ የእሷ ታላቅ እህት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያንን ቦታ ተራራ ለተራራ እየዞረች ላገኘችው ሁሉ አደለችው።

በሦስተኛው ቀን እርከን እርከን የተሠራ ማሳ አጠገብ ስንደርስ ልቤ ዘለለ። ዳጉሳ! እንደ ጣት የተቆለመመው ፍሬው ሳይቀር የአገሬ ዳጉሳ። እፎይ፣ አንድ የማውቀው ነገር ተገኘ ብዬ ላሳያት ዞር ስል የለችም። ማሳው ውስጥ ገብታ፣ ከሴቶቹ ማጭድ ተቀብላ፣ እየተሳቀባት ታጭዳለች። ከጤፍ የማትለየውን!

«ዳጉሳ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩላት።

«አዎ፣ እትዬ፣ ኮዶ ነው የሚሉት!» አለችኝ ቀና ሳትል። በአገሬ እህል እኔኑ አስተማረችኝ። ማታ አብሮን የሚጓዘው ምግብ አብሳይ ሾርባ ሲያቀርብልን አልራበኝም አልኩ። ርቦኝ ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአምስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። የደረስንበት መንደር የመሪያችን አክስት የሚኖሩበት ነበርና ቤታቸው ምሳ ጋበዙን። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ምራታቸው ጭልፋውን ሳህናችን ሳታስነካ ከላይ እያፈሰሰች ሩዝ፣ ምስርና ጎመን አቀረበችልን። አሮጊቷ የእህቴን ሁለት ጉንጭ ይዘው አገላብጠው አዩዋት፤ የቢጫ አበባ ጉንጉን አንገቷ ላይ አደረጉላት፤ እሷም የለመደችውን ቃል ሁሉ አዘነበችላቸው። ለእኔ አንገታቸውን ነቀነቁ። አለቀ።

ከዚያ እሳቸው ሳይበሉ እኔ አጠገብ ቁጭ አሉ። እንግዳ ሳይጠግብ አይበሉም። አሁን ፍረዱኝ፤ እኛ አገር አንድ ያልበላ ትልቅ ሰው፣ እየበላሽ አጠገብሽ ቁጭ ካለ ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። ሥራዬም ቢሆን ማጉረስ ነው። በየቀኑ የማላውቃቸውን አረጋውያን በማንኪያ ሳጎርስ ነው የምውለው፤ እጄ ያውቅበታል። ግን እውነቱን ልናገር፤ በደግነት ብቻ አልነበረም። እህቴ በሦስት ወር ጥናት ያገኘችውን እኔ በአንድ ጉርሻ ልወስድባት ነበር። ሩዙን በምስሩ አሽቼ ጠቀለልኩ፤ ግራ እጄን ከሥር ደግፌ «በሞቴ» ብዬ አፋቸው ላይ አደረስኩት። ከንፈራቸውን ነካ።

አሮጊቷ እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ተስፈነጠሩ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ተነሡ፤ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄደው አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ምራታቸው ጭልፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መሪያችን ሳህኑን አስቀምጦ በለሆሳስ አስረዳኝ። ሰው ከበላበት ሳህን፣ አፉ በገባ እጅ የተነካ ምግብ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ እንደ አክስቱ ያለች ሃይማኖቷን አጥባቂ ሴት ገላዋን ሳትታጠብ ዛሬ እህል አትቀምስም።

«ባለማወቅ እንደሆነ ይገባታል፤ አትጨነቂ» አለኝ። አትጨነቂ ሲባል ነው ሰው የሚጨነቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

እጄ ግን ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ነበር። ሳህን ላይ አልመልሰው፣ የሰው እህል አልጥለው፣ አልጎርሰው ነገር ለሌላ ሰው የጠቀለልኩት ነው። ሰው ሁሉ እጄን ያያል። ይኼኔ እህቴ ከጎኔ ዘንበል አለችና ከእጄ ላይ ጎረሰችው። ቀስ ብላ አኘከች፣ ዋጠች።

«አንድ ያጣላል፣ እትዬ» አለችኝና አፏን ደግማ ከፈተች።

አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መሪያችን ፈገግ አለ። ባልና ሚስቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቧንቧው ጋ ያሉት አሮጊት እንኳ ዞር ብለው አዩዋትና ፊታቸው ለሰለሰ። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ምን ተሰማኝ? ምስጋና እንዳትሉኝ። ውርደቴን እንኳ ወስዳ ጌጥ አደረገችው። ለእኔ የሚሆን ውርደት እንኳ አልተረፈም። እጄን በመሐረብ ጠርጌ ተነሣሁ፤ እሷም አፏን ቀስ ብላ ዘጋች።

በማግሥቱ ስንወጣ አሮጊቷ የሁላችንንም ግንባር ቀይ ቀለም ቀቡ። የእኔንም። ቂም አልያዙም። ቂም የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ባጎረስኳት ላይ። የቀሩትን አራት ቀናት ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። አንድ ቀን ጉልበቴ ሲያብጥ ቦርሳዬን ቀምታኝ ተሸከመችልኝ፤ እሱንም በሆዴ መዘገብኩባት።

ኖቬምበር ላይ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። የገና ጾም እንደተፈታ ቤቷን ልታስመርቅ ምሳ ጠራችን፤ አብረን የምናስቀድሳቸው ሰዎችና የሥራ ጓደኞቿ መጡ። መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ ሐይቁ ይታያል። ከእኔ መስኮት የሚታየው ሌላ ሰው መስኮት ነው። ፎቶዎቹን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፍታ ስለ ጉዞው ታወራለች፤ እሷ ስታወራ ሰው መጉረሱን ይተዋል። ወደዚያ በረንዳ እየተጠጋች በመጣች ቁጥር ፊቴን አዘጋጃለሁ። አሁን ታወራዋለች፣ አሁን ትስቅብኛለች እላለሁ። ማሳው ፎቶ ላይ ስትደርስ ግን «ዳጉሳ መሆኑን የነገረችኝ እትዬ ናት» አለች። ከዚያ በረንዳውን ዘለለችው። የአሮጊቷን ፎቶ «ቆንጆ ሴት ናቸው» ብላ አሳለፈችው።

ሸፈነችልኝ። እሱን ነው ያልቻልኩት። ብትስቅብኝ እጣላት ነበር፤ በደግነት ላይ ግን ምን ይባላል?

«ቆይ፣ ዋናውን ትተሽ!» ብዬ ተነሣሁና ራሴ አወራሁት። አሮጊቷን ሆኜ ተስፈነጠርኩ፤ ምራቷን ሆኜ ጭልፋ ይዤ ደረቅሁ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዷ እንባዋን እየጠረገች «ከዚያስ? ጉርሻውን ምን አደረግሽው?» አለችኝ። ሁሉም እኔን ያያል። ከጉዞው ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ እሷን ነበር የሚያዩት።

«ምን አደርገዋለሁ፤ ለውሻቸው ሰጠሁት!» አልኩ።

ሳቁ ጣራ ነካ። እህቴ አልሳቀችም። አላረመችኝምም። ባዶ ሳህኖችን ሰብስባ ወደ ኪችን ገባች።

እንግዶቹ ሳይመሽ ሄዱ። ትሪዎቹን ይዤ ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች። ውኃውን ዘጋችው።

«ውሻው እኔ ነኝ፣ እትዬ?» አለችኝ።

ድምጿ ውስጥ ንዴት ቢኖር መልስ አላጣም ነበር። ንዴት አልነበረም። ዞር ስትል ዓይኗ ቀልቷል፤ አፍንጫዋ ላይ አረፋ አለ፤ ፊቷ ኤርፖርት ስቀበላት የነበረውን መሰለ። ያኔ ጃኬቱን ሳለብሳት «ለአንቺስ?» ነበር ያለችኝ።

ትሪው ላይ ከዶሮው የተረፈ ነበር። እጄን ታጠብኩና እንጀራውን ቆርሼ፣ ከሥጋውም ከእንቁላሉም ጨምሬ ጠቀለልኩ። ግራ እጄን ከሥር ደግፌ አፏ ላይ አደረስኩት። አልከፈተችም። ቆማ ታየኛለች። እጄ እንደዚያን ቀን አየር ላይ ቀረ፤ አሁን ግን ከጎኔ ዘንበል የሚል ሰው የለም።

«ቀንቼብሽ ነው» አልኳት። «ከዚያች እሑድ ጀምሮ። ከዚያም በፊት። አሁንም መስኮትሽ ያናድደኛል።»

ወጡ በእጄ አንጓ ላይ ወረደ። ያኔ አፏን ከፈተች። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ጉንጯ አበጠ። እስክትውጠው ድረስ መናገር አልቻለችም።

«አውቅ ነበር እኮ» አለችኝ በመጨረሻ አፏን እየጠረገች። ከዚያ ትንሽ አሰበች። «ይኼ ታዲያ ሁለተኛው ነው ወይስ እንደ አዲስ አንድ ብለን ነው የምንቆጥረው?»

አላወቅኩም። ለማንኛውም ብዬ ሌላ ጠቀለልኩ።