የማይነድ አጥር

ብርቄ በጃንሆይ ዘመን ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር ትኖር ነበር። ባሏ ደምሌ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ከሞተ ወዲህ የቀረቻት ዳለቻ የምትባል አንዲት ላም ናት። ዳለቻ ትንሽ ናት፤ ገለባ በልታ ትታለባለች፣ ዝናብ ላይ ቆማ ታድራለች። በድርቁ ዓመት የመንደሩ ከብት ሲያልቅ እሷ ተረፈች። እንዲህ ያለች ላም ግን ክፍተት ካየች አትመለስም።

አንድ ክረምት ዳለቻ የጎረቤቷን የይሁኔን ገብስ ሦስት ጊዜ ገባችበት። ሽማግሌ ተቀመጠ። በመንደሩ ደንብ ደህና አጥር ጥሶ ሦስቴ እህል የገባ ከብት ወደ ቆላ ለርቢ ይሰጣል፤ አርቢው ያልበዋል፣ ጥጃውን ይካፈላል። አጥሩ ክፍት ከነበረ ግን ጥፋቱ የከብቱ ሳይሆን የባለቤቱ ነው።

«ይቺ ላም አይደለችም፣ ፍየል ናት» አለ ይሁኔ። «ጥር ላይ እኔው ነኝ እሾህ ቆርጬ ያጠርኩላት። እስከ ደረቴ ይደርስ ነበር።»

የብርቄ የነፍስ አባት አባ ቀለመወርቅ ወደሷ ዞሩ። «ዘላ ነው የገባችው?»

ብርቄ መሬት መሬት አየች። አጥሯን ያነደደች ሴት ቤቷ አልቆለታል ይባላል። ደምሌም የሄደው ወደ ቆላ ነበር።

«አልዘለለችም፣ አባ» አለች። «እኔ ነኝ የማገድኩት።»

ቀና ሳትል ቀጠለች።

«ኩበቱ በዝናብ አልደርቅ አለ። አንድ ቅርንጫፍ መዘዝኩ። ከዚያ ሌላ።»

«እኔ እጄን እየተወጋሁ ያጠርኩትን ንፍሮ ቀቀልሽበት?» አለ ይሁኔ። «ምነው ለእኔም በላክሽልኝ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ብርቄ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ሽማግሌዎቹ የተበላውን ገብስ በአዝመራ እንድትተካ፣ እስከሚቀጥለው ሰኔም ደህና አጥር እንድታጥር ፈረዱ። ካላጠረች ላሟ ወደ ቆላ ትወርዳለች።

«ቁልቋል ትከይ» አሉ አባ ቀለመወርቅ ሲነሱ። «ከብት አይበላውም።»

«እስኪያድግ ሦስት ዓመት ነው፣ አባ።»

«እሾህ እኔ እደግምልሻለሁ» አለ ይሁኔ፤ ቁጣው በርዶለት ነበር።

«አትድገምልኝ። እሾህ ከሆነ አነደዋለሁ።»

ማስፈራሪያ አልነበረም። ራሷን ታውቃለች።

አዝመራው ከገባ በኋላ ድንጋይ እየለቀመች መካብ ጀመረች። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አንድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንድ። ደቦ አልጠራችም፤ የምትጠምቀው ጠላ የላትም። ሁዳዴ ላይ ካቡ ጉልበቷ ደረሰ። ይሁኔ በዚያ ሲያልፍ ቆሞ በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ላሟ ጎኗን ታክበትና ትንደዋለች። ከታች አስፊው፣ በሁለት ረድፍ፣ መሀሉን ጠጠር ሙይበት።»

አፍርሳ ከመሠረቱ ጀመረች። አልተናደደችም። መገንባቱና ማፍረሱ አንድ ዓይነት ድካም ሆኖባት ነበር። ሰኔ ሲገባ ካቡ ደረቷ ደረሰ፤ አባ ቀለመወርቅ መጥተው አዩት፣ ዞረውት ሄዱ። ስለ ላሟ ያነሳ አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ኩበቱ እንደገና ረጠበ። ብርቄ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ጠጣች። ደጅ ዳለቻ አገጯን ካቡ ላይ አስደግፋ የይሁኔን ገብስ ታያለች። ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ደስ ይላት እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ማለቢያውን አንስታ ወደ ዝናቡ ወጣች።