የጨው ውሃ ያጠጣሁት ቡገንቪላ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየሁዳዴው ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ፣ ይሄኛው ከምላሴ ሥር ሳይወጣ አብሮኝ አርጅቷል። ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። ግን አንገቴን ደፍቼ አይደለም።

ባሌ ጫካ ገብቶ አርበኛ ሲሆን፣ ጣሊያን አሊዩ አምባ ያለውን ቤቴን አፈረሰው። በፍርስራሹ ላይ ሹማቸው የአትክልት ቦታ አሠራ። እኔም ከወንዝ እየቀዳሽ አጠጪ ተባልኩ። ጎጆዬ በነበረበት መሬት ላይ ቆሜ የጠላቴን አበባ አጠጣሁ። እናንተ ብትሆኑ ትችሉት ነበር?

አትክልተኛው ሰይድ የሚባል የሰፈራችን ሰው ነበር። ሹሙ ከባሕር ማዶ ያስመጣትን አንዲት ቡገንቪላ የምትባል ባለ እሾህ አበባ እንዲያራባ ታዘዘ። ጠንከር ያለውን ቅርንጫፍ ስንዝር ስንዝር እያደረገ ይቆርጣል፤ ከታች በኩል ሰያፍ ያደርገዋል፤ ቅጠሉን አራግፎ አሸዋማ አፈር ውስጥ ይተክልና በሣር ዳስ ከፀሐይ ይጋርደዋል። «ውሃ አታብዢበት፣ ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል» ይለኝ ነበር። እሾሁ እጁን ሲቧጥጠው ይስቃል። የማንም አበባ ይሁን፣ ደረቅ የመሰለ እንጨት ቅጠል ሲያወጣ ማየት ደስታው ነበር።

እኔ ግን ከገበያ አሞሌ ጨው ገዝቼ ወቀጥኩና በእንስራዬ አሟሟሁት። ሳምንት ሙሉ የጨው ውሃ አጠጣሁ። እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። ማቆጥቆጥ የጀመረው ሁሉ ጠወለገ። ቅርንጫፉ የተቆረጠባት እናቲቱም ደረቀች።

ሰይድን ያዙት። በገበያው ቀን፣ ሕዝብ ፊት አቁመው፣ አስተርጓሚው «ማነው ያደረቀው?» ሲለው፣ «አላህ ያውቃል» አለ። ጀርባውን በጅራፍ ተለተሉት። እኔ እንስራዬን አዝዬ እዚያው ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ» ማለት አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። መሞት አልፈለግሁም፣ ዝም አልኩ። እሱን ደብረ ብርሃን ወስደው አሰሩት።

ጣሊያን ሲወጣ ጎብጦ ተመለሰ። ልነግረው ቤቱ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ሊይዙኝ የመጡ ዕለት ጠዋት አፈሩን ቀምሼው ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺስ?» አለኝ።

ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ይቅርታም ሳልጠይቀው ወጣሁ። ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ስለ አበባው ከሆነ አልጸጸትም። ቤቴን አፍርሰው የተከሉትን ዛሬም ቢሆን አደርቀዋለሁ። ስለ ሰይድ ጀርባ ግን «ፈርታ ነው» ብላችሁ አታቅልሉልኝ። ፈርቻለሁ፤ ፈርቼም ሰው አስገርፌያለሁ። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ያኔም ዝም አልኩት።