ዝገቱን የሸፈነችው አበባ

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የሙሽራዋን ቀሚስ ሳነሳ... ደረቱ ላይ መርፌ ተሰክቶ አገኘሁ። ስነቅለው ቦታው ላይ ምስር የምታህል ዝገት ቀርታለች። ቅዳሜ ሱቅ ስዘጋ ሰክቼ የረሳሁት እኔው ራሴ ነኝ! የአሶሳን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ እንኳን መርፌ ሰውም ይዝጋል።

አሁን እኔ ማን መሰልኳችሁ? አስራ ሁለት ዓመት ጥልፍ ያስተማርኩ፣ «መርፌ ጨርቅ ላይ አያድርም!» እያልኩ የሰው ጆሮ ያደነቆርኩ ሴት። ጥልፉ ትንሽ ከተጣመመ መልሴ አንድ ነው... «ፍቺው!»። ተማሪዎቼ ስገባ «ፍቺው መጣች» ይባባላሉ አሉ።

የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ጫልቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከባምባሲ መጥተው ቀሚሱን ሊወስዱ ነው። እሳቸው ደግሞ ዕቃ የሚረከቡት ብርሃን ላይ አውጥተው በጣታቸው እየዳሰሱ ነው። ባምባሲ ሄደው «አበላሸችብኝ» ካሉ አለቀልኝ፣ ሌላ ሙሽራ ደጄን አይረግጥም።

ሎሚ ላሽበት አልኩ። አጠገቡ ያለው ወይን ጠጅ ክር ቀለሙን ቢለቅስ? በላዩ ልጥለፍበት አልኩ... ክሩ አልቋል። ገበያ ሮጬ «ያው ነው» ያሉኝን ክር ደጅ አውጥቼ ከቀሚሱ ጋር ሳስተያየው ቀይ ሥር መሰለ። ተመልሼ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ይሄኔ ሐዋ ገባች። ሐዋ የበርታ ሴት ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። አምና ልትማር ስትመጣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እንኳ አታውቅም ነበር። አማርኛዋ ላይ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው።

መርፌዎቿን የምታስቀምጠው በቀርከሃ ውስጥ ነው፤ ታቹ ላይ ሰሊጥ ዘይት የነካው ጥጥ ጠቅጥቃለች። ትርፍ ክር ደግሞ በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ እየጠቀለለች ትይዛለች። ስንት ቀን ስቄባታለሁ መሰላችሁ! «ሐዋዬ፣ ይሄ የመርፌ ነው የንብ ቀፎ?» እያልኩ። እኔ ከአዲስ አበባ ያስመጣኋት ባለአበባ ቆርቆሮ አለችኛ!

ቀሚሱን አየች። እኔን አየች።

«እትዬ... መርፌ ጨርቅ ላይ አያድርም ብለህ አልነበረም?»

ኧረ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ከዚያ ስንጣሪዎቿን ስታወጣ... ያው ወይን ጠጅ ክር! ከዚሁ ቀሚስ የተራረፈውን፣ እኔ ጠርጌ ልጥለው የነበረውን፣ ከወለል ለቅማ ጠቅልላዋለች። «ትርፍ ክር አይጣልም ያልከውም አንተ ነህ» አለችኝ። መርፌዋን አወጣች፣ ዘይቱን በጨርቅ ጠረገችው፣ ያብለጨልጫል። እኔም የራሴን ልወስድ ቆርቆሮዬን ስከፍት... ተዉት፣ አይወራም። መርፌም ከእሷ ተበደርኩ።

«አንድ አበባ ብቻ ከሆነ መሸፈኛ እንደሆነ ያስታውቃል። ሁለት እናድርግ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ» አለች። እሷ ዝገቱ ላይ፣ እኔ በትይዩው ጀመርን። ስንጨርስ ከክሩ የተረፈው የጣት ርዝመት ነው።

ወይዘሮ ጫልቱ በሰዓታቸው መጡ። ገና ሲያዩት «እነዚህን አበቦች አላዘዝኩም እኮ» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ለሙሽራዋ ስጦታ ናቸው» ልል አፌ ላይ ደርሷል። ግን ሐዋ እያየችኝ ነው።

«ከአንደኛው ሥር ዝገት አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መላው የእሷ» አልኳቸው።

ቀሚሱን ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። አንዱን ዳሰሱ። ሌላውን ዳሰሱ።

«አገኘሁት!» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ። «ዝገቱ ከዚህኛው ሥር ነው፣ ጠመም ብሏል። ያኛው ግን... ወይ እጅ!»

የጠቆሙት የእኔን አበባ ነው።

እንደተሳሳቱ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ገለቶማ! እጃችሁ ይባረክ» ብለው አመስግነው ቀሚሱን አጣጥፈው ያዙ። እኔም በሥራዬ ተነቅፌ እንደዚያን ቀን ደረቴ ተነፍቶ አያውቅም። ክር ማስገባት የማታውቀዋን ሴት እዚህ ያደረስኳት እኔ ነኛ! በሩ ድረስ ሸኘኋቸውና «የእኔ ተማሪ ናት እኮ!» አልኳቸው፣ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

ተመልሼ ስገባ ሐዋ መርፌዋን ወደ ቀርከሃው እየመለሰች ነው። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«እትዬ... ያንተ አበባ ጠማማ ነበር። ፍታው ልልህ ፈልጌ አፈርኩ።»